የእኛ ያልሆነውን ሰጠን፣ የሁሉም የሆነውን ዘጋን



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው። በቴሌግራም ኪታብ የምትለቁ፣ የምታወርዱ፣ «ሼር አድርጉት፣ አጅሩ ለሁላችን ነው» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ወዲያው የምትጫኑ ሁሉ እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ አንብቡልን። ትንሽ ይረዝማል።

እኛ ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ መስጂድ ኢማማችንን እናግዛለን። ኢማሙ ሲያማቸው ወይም መንገድ ሲወጡ እናሰግዳለን፣ ማታ ማታ ልጆች እናቀራለን፣ የመስጂዱን የኪታብ መደርደሪያም የምንጠብቀው እኛ ነን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሦስት ሆነን የመስጂዱን የቴሌግራም ቻናል ይዘናል።

እኛ ስንቀራ ለአንድ ሐልቃ አንድ ኪታብ ነበር። እሱም ሸሃችን ፊት የሚዘረጋው ነው። ደረሳው የሚቀራውን ያህል በእጁ ይገለብጥ ነበር፤ ደብተር ያጣ በካርቶን ላይ ይጽፍ ነበር። አንድ ኪታብ ለመዋስ ግማሽ ቀን በእግራችን የሄድንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ካሜራ ያለው ስልክ እጃችን ሲገባ የመጣልን ሐሳብ አንድ ነበር፤ ከእንግዲህ ማንም ደረሳ ኪታብ አጥቶ እንዳይቀር ማድረግ። ኒያችን ይህ ነበር። ኒያ ብቻውን የሰውን ሐቅ እንደማያነሳ የተረዳነው ግን ዘግይተን ነው።

የመጀመሪያው ጥፋታችን

ሰፊነቱ ነጃን የማያውቅ የሻፊዒ ደረሳ የለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያረፉት የሐድረሞቱ ሸህ ሳሊም ኢብኑ ሱመይር ለጀማሪ የጻፏት ትንሽ የፊቅህ ኪታብ ናት። በአገራችን ስንቱ ልጅ ፊቅህን የጀመረው በእሷ ነው።

አንድ የአካባቢያችን ኡስታዝ ይህችን ኪታብ ወደ አማርኛ መልሰው፣ ከየመስአላው ሥር ማብራሪያ ጨምረው አሳተሟት። የኪታቧ አማርኛ ለጆሮ የሚጥም ነበር። እናቶቻችን እንኳ ሲነበብላቸው «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?» ይሉ ነበር።

በረመዳን ሁለት ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ መስጂዱ ጓዳ ተቀመጥን። አንዳችን ገጽ እየገለጠ፣ አንዳችን መብራት እየያዘ፣ አንዳችን እያነሳ ከሽፋን እስከ ሽፋን ጨረስነው። ፒዲኤፍ ሠርተን ለቀቅነው። በሳምንት ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው አየው። ጅዳ፣ ሪያድና ዱባይ የሚሠሩ እህቶቻችን ሳይቀሩ «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» እያሉ ጻፉልን። እኛም ደስ አለን፤ አጅራችንን ቆጠርን።

ከዒድ በኋላ በአንድ ቀን ዐስር ላይ ኡስታዙ መጥተው ከኋለኛው ሶፍ ሰገዱ። ሰው ሲበተን ወደ እኛ መጡና አጠገባችን ተቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው የሠራነውን ፒዲኤፍ ከፈቱት።

«ልጆቼ፣ ጥሩ አድርጋችሁ ነው ያነሳችሁት። 61ኛው ገጽ ላይ ብቻ ጥጉ ተቆርጧል» አሉን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን። «ኡስታዝ፣ ይቅር ይበሉን፣ ለአጅር ብለን ነው» አልን።

«አውቃለሁ። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን ቅድሚያ ስለጠየቀኝ ከአማቼ ተበድሬ ነው ያሳተምኩት። ሰሞኑን መጽሐፍ ሻጩ ካርቶኖቹን መለሰልኝ። ‹ሰዉ ስልኬ ላይ አለ እያለ ይሄዳል› አለኝ። አማቴም ደግ ሰው ነው፣ ግን እሱም ልጆች አሉት።»

ዝም አልን። እሳቸው ቀጠሉ፤

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤቴን ታውቁታላችሁ፣ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከማንሳታችሁ በፊት ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

ከመካከላችን አንዱ እውነቱን ተናገረ፤ «እንቢ ይሉናል ብለን ፈርተን ነው።»

«እንግዲያው መልሴን ታውቁት ነበር» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ዕውቀቱ የማን ነው? መጽሐፉስ?

ያን ማታ እርስ በርስ ተከራከርን። አንዳችን «ዕውቀት የአላህ ነው፣ አይሸጥም፣ ዕውቀትን መደበቅ ደግሞ ወንጀል ነው» አለ። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። በሕንድ ክፍለ አህጉር ከነበሩ የሐነፊ ዑለማዎች የማሳተም መብትን ብቻውን ለይቶ መሸጥን ያልተቀበሉ ነበሩ። የቀደሙት ዑለማዎቻችንም ኪታባቸውን ለመገልበጥ ለሚመጣ ሰው በራቸውን ከፍተው ነው የኖሩት።

በዚያ ዘመን ግን መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ነበር። ገልባጩ ወረቀቱን ይገዛል፣ ወራት ይደክማል፣ የሚያወጣውም አንድ ቅጂ ነው። የገለበጠው ሰው ጸሐፊውን አያከስረውም፤ እንዲያውም ስሙን ያሰፋለታል። ማተሚያ ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ፤ ስልክ ሲመጣ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ሆነ። እኛ በሁለት ሌሊት የሠራነው አንድ ቅጂ አይደለም፤ ቁጥሩን የማናውቀው፣ መልሰን የማንሰበስበው ነው።

ለዚህም ነው በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ ጉዳዩን አይቶ የውሳኔ ቁጥር 43ን ያወጣው። ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በዘመናችን ሰዎች ዋጋ የሚሰጧቸው ገንዘባዊ መብቶች ሆነዋል፤ በሸሪዓም የተጠበቁ ናቸው፤ ሊደፈሩ አይገባም።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባለውን አውርደን አነበብነው። (እሱን እንኳ ያለ ስጋት አወረድነው፤ የሕግ ሰነድ በአዋጁ ከቅጂ መብት ውጭ ነውና።) ከዚያ ሦስት ነገር ተማርን።

አንደኛ፣ ሕጉ ሐሳብን ለማንም አይሰጥም። የውዱእ ፈርዶች ስድስት ናቸው ማለት የማንም ንብረት አይደለም። ሰፊናን ማንም ተነሥቶ በራሱ አማርኛ መመለስ ይችላል። የሚጠበቀው ያ ሰው ሌሊት ተቀምጦ የመረጠው ቃል፣ የሰደረው ዐረፍተ ነገር፣ የጨመረው ማብራሪያ ነው። ኡስታዙ ዕውቀትን አልደበቁም። በየመስጂዱ ያለ ክፍያ ያቀሩታል። የእሳቸው የሆነው መጽሐፉ ነው።

ሁለተኛ፣ መብቱ ዘላለማዊ አይደለም። የጸሐፊው ዕድሜ ልክና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ሁለት ሆነው ከጻፉት ደግሞ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው በመጨረሻ ካረፈው ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆናል። ማንም ያትመዋል፣ ማንም ይተረጉመዋል፣ ማንም ይለቀዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወንድሞች ልብ በሉ፣ በእናንተ ዘንድ በአብዛኛው 70 ዓመት ነው።

ሦስተኛ፣ ትርጉም የራሱ መብት አለው። የሸህ ሳሊም ዐረብኛ ከረጅም ጊዜ በፊት የሕዝብ ሀብት ሆኗል። የኡስታዙ አማርኛ ግን ገና የትናንት ነው። አንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ሐቅ ተቀምጦ ነበር፤ እኛ አንዱን አይተን ሁለቱንም ወሰድን። ቤታችን ካሉት ኪታቦች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ኢማሙ ነወዊ ካረፉ ከ700 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የሪያዱ ሷሊሒን ቃል የማንም አይደለም። የዛሬው ሙሐቂቅ ከሥር የጻፈው የግርጌ ማስታወሻና መግቢያ ግን የእሱ ነው።

ሕጉ ለግል ጥናትና ለማስተማሪያ የሚሆን ጠባብ በር ይከፍታል። ሙሉ መጽሐፍ ለሺዎች መልቀቅ ግን በዚያ በር አያልፍም።

ፒዲኤፉን በማግስቱ አጠፋነው። ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ቻናሎች ወስደውታል፣ አንዳንዶቹም የእኛን ስም አጥፍተው የራሳቸውን ለጥፈውበታል። የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ ደግሞ በመጸጸት ብቻ እንደማይሞላ ለልጆች እኛው ነን የምናስተምረው። ሐቁን መመለስ ወይም ባለቤቱን ዐፍው ማስባል አለ። ስለዚህ ከጁምዓ በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን ካርቶኖቹን መሸጥ ጀመርን። በቻናሉም ያደረግነውን በግልጽ ጻፍን። «በስልክ ያነበባችሁ እባካችሁ አንድ ግዙ፣ ባታነቡት እንኳ ለመስጂድ ስጡት» አልን። አልሐምዱሊላህ፣ ከግማሽ በላዩ ተሸጧል። ቀሪው እዳችን ነው።

ሁለተኛው ጥፋታችን

ከዚህ በኋላ ጠንቃቃ ሆንን። እንደ እኛ ሐሳብ ማለት ነው። ነገሩ ግን ወደ ሌላኛው ገደል ወሰደን።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከአያታቸው የወረሱት የእጅ ጽሑፍ ነበራቸው። በቆዳ ከረጢት ተደርጎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነው። ውስጡ በከፊል የዐረብኛ ፊቅህ፣ በከፊል በዐጀሚ የተጻፈ መንዙማ ነበር፤ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። ወሎ በዚህ የታወቀች ናት። ከጀማ ንጉሡ ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ዘመን፣ ማለት ከ200 ዓመት በፊት ጀምሮ ዑለማዎቿ ሕዝቡን በሚገባው ቋንቋ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የብዙው ጽሑፍ ቅጂ ግን አንድ ወይም ሁለት ነው፤ እሱም በጭስ፣ በምስጥና በዝናብ መካከል ነው ያለው።

የቤቱ እናት ቡና አፍልተው ተቀበሉን። «አንሡት ልጆቼ፣ ሰው ይቅራበት። እኔ እንደሆነ ዐይኔ ደክሟል» አሉ። ከረጢቱ ከቤታቸው ሳይወጣ በአንድ ቀን አንሥተን ጨረስን። መንዙማውን የደረሱት ሸህ ካረፉ ከ80 ዓመት በላይ እንደሆናቸው ቤተሰቡ ነገሩን። በሕጉም ሆነ በቤተሰቡ ፈቃድ የሁሉም ነበር።

እኛ ግን ምን አደረግን? በየገጹ ላይ የቻናላችንን ስም በትልቁ አተምንበት። ሌሎች ቻናሎች ሰፊናን እንደወሰዱት እንዳይወስዱብን ፈርተን ነው። ጥራቱን ዝቅ አደረግነው። ከሥሩም «ያለ እኛ ፈቃድ ማባዛት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብለን ጻፍን። ንጹሑን ፎቶ ደግሞ ስልኩ ሲሞላ አጠፋነው፤ «ማኅተም ያለበት አለን» ብለን።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እህታችን ጻፈችልን። በዐጀሚ ላይ ጥናት እየሠራች ነው፤ ማኅተም የሌለበት ቅጂ እንድንልክላት በትሕትና ጠየቀች። ሁለት ሳምንት ዝም አልናት። በኋላ «መብቱ የእኛ ነው፣ አንሰጥም» ብለን መለስን።

እሷም፣ «ወንድሞቼ፣ ማን ሰጣችሁ?» ብላ ጠየቀችን። ቀጥላም፣ «የመጨረሻውን ገጽ እዩት። ማኅተማችሁ ያረፈው የጸሐፊው ስም ላይ ነው» አለችን።

ከፍተን አየን። እንደምታውቁት ቀደምት ኪታብ ገልባጮች በኻቲማው ላይ ስማቸውን ይጽፉና «ላነበበው ሁሉ አደራ፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ይላሉ። የዚህም ጸሐፊ እንዲሁ አድርጎ ነበር። አደራው ይነበባል፣ ስሙ ግን አይነበብም። በእሱ ላይ የእኛ ቻናል ስም ተጋድሟል።

«ቀላል ነው፣ ሄደን እንደገና እናነሳዋለን» አልን። ክረምት ስለነበር መንገዱ እስኪደርቅ ቆየን። በመስከረም ስንሄድ እናታችን አዝነው ጠበቁን። ጣሪያው አፍስሶ ከረጢቱ ርሶ ነበር። መካከሉ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ግን ቀለማቸው ፈስሶ አንድ ጥቁር ሆኗል።

በዚህ ዓለም ላይ የዚያ ሰው ስም የቀረው በእኛ ማኅተም ሥር ብቻ ነው። ያቺ እህታችን በኮምፒዩተር ብዙ ሞክራ «ኢብኑ» የሚለውንና ከእሱ በኋላ ያለውን የአባቱን ስም አወጣችው። የራሱ ስም አልወጣም።

ማንሳት ባለቤት አያደርግም

ወንድሞች፣ የመጀመሪያው ጥፋታችን የአንድን ሰው ሐቅ ለሁሉም መበተን ነበር። ሁለተኛው የሁሉንም ሐቅ ለራሳችን መሰብሰብ ነው። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም የመጡት አንድን ጥያቄ ካለመጠየቅ ነው፤ ይህ ነገር የማን ነው?

የቆየ ገጽን እንዳለ ፎቶ ማንሳት ድካም አለው፤ መንገድ አለው፣ መብራት አለው፣ የወገብ ሕመም አለው። ግን በጽሑፉ ላይ ምን ጨመርን? እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር። አንድ ድርጅት የሕዝብ ሀብት የሆኑ የቆዩ ሥዕሎችን እንዳሉ ፎቶ አንሥቶ «የፎቶው መብት የእኔ ነው» አለ። ዳኛው፣ ያለውን እንዳለ መገልበጥ አዲስ ድርሰት አይደለምና መብት አይፈጥርም አሉ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሥዕልና ለመሳሰለው ይህንኑ ደንግጓል። የእኛ አዋጅም ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ወጥ ሲሆን ነው። እኛ ከዚያ ኪታብ ላይ ወጥ ሆኖ የጨመርነው ነገር ቢኖር ማኅተሙ ነበር፤ እሱም ጎዳው።

«ታዲያ የደከመ ሰው አይመሰገንም?» ትሉ ይሆናል። ይመሰገናል። ምስጋና ግን ሌላ ነው፣ ባለቤትነት ሌላ። ዑለማዎቻችን ይህን ከእኛ በፊት ለይተውታል። ኢማሙ ሱዩጢ ቃስጦላኒን ከኪታቦቼ ወስዶ ስሜን አላነሳም ብለው የከሰሷቸው ታሪክ የታወቀ ነው። ክሳቸው ልብ ይባል፤ «ለምን ተጠቀምክ?» አይደለም። «የበይሀቂን ቃል ያገኘኸው በእኔ ኪታብ በኩል ሆኖ ሳለ በቀጥታ ከበይሀቂ እንዳገኘኸው አድርገህ ለምን ጻፍክ?» ነው። ማለት ዕውቀቱ ክፍት ነው፣ በመካከል ያለው እጅ ግን አይዘለል። ሱዩጢ በጸሐፊና በሌባ መካከል ስላለው ልዩነት ራሱን የቻለ ሪሳላ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። በመጨረሻም ቃስጦላኒ ከካይሮ ሱዩጢ እስከሚኖሩበት ረውዷ ድረስ በባዶ እግራቸው ሄደው በራቸው ላይ ቆመው ይቅርታ እንደጠየቁ ይተረካል። አላህ ሁለቱንም ይዘንላቸው።

ሰነድ የምንለው፣ ኢጃዛ የምንለው ይኸው ነው። ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን? ሰነድ በሩን አይዘጋም፤ በበሩ ማን እንዳለፈ ይመዘግባል።

ክፍት ማለት ልቅ ማለት አይደለም

ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት ዕውቀትን በነጻ የሚያካፍሉ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ መመልከት ጀመርን። የገረመን ነገር፣ በጣም ክፍት የሆኑት በጣም ጠንቃቆች መሆናቸው ነው።

ዊኪፔዲያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ በአማርኛም ያለ፣ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት መዝገበ ዕውቀት ነው። ነገር ግን የሌላ ሰው መጽሐፍ ገልብጦ ማስገባት ክልክል ነው፤ ከተገኘ ይሰረዛል። ምክንያቱም እዚያ ያለውን ጽሑፍ ማንም ወስዶ እንዲያትመው፣ እንዲሸጠው እንኳ ተፈቅዷል። በውስጡ የሰው ሐቅ ከተደበቀ ያን የሚያትመው ምስኪን ሳያውቅ ሐቅ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ነገር ንጹሕ መሆኑን ከማንም በላይ ማረጋገጥ አለበት። በተቀማ መሬት ላይ መስጂድ እንደማይሠራ ሁሉ ማለት ነው።

የሚለቁበት ፈቃድም ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጡ። ባለቤቱ አስቀድሞ «ፈቅጃለሁ» ይላል፤ ሸርጡንም ይጽፋል። አንዱ ሸርጥ «ስሜን ጥቀስ» ነው። ሌላው «ጨምረህበት ከለቀቅከው አንተም በዚሁ ፈቃድ ክፍት አድርገህ ልቀቅ» ነው። አንዴ ከሰጠ በዚያ ፈቃድ የወሰዱትን ሰዎች መልሶ አይከለክላቸውም።

ይህን ስናነብ «ይህማ ወቅፍን ይመስላል» አልን። ልዩነት አለው፤ በዚህኛው ባለቤትነቱ ከጸሐፊው እጅ አይወጣም። ግን መንፈሱን እናውቀዋለን። ወቅፍ ያደረገ ሰው ሸርጡ ይከበራል። ለደረሳ የተወቀፈ ኪታብ ለገበያ አይወጣም፤ የወቀፈው ሰው ልጅም ተነሥቶ መልሱልኝ አይልም። መስጂዳችን ያሉት አሮጌ ኪታቦች የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ «ወቅፍ ሊላህ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ከማንኛውም የመብት ማስታወቂያ በፊት አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

ኡስታዙ የሰጡን

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ኡስታዙ ቤት ሄድን። በዚህ ጊዜ በሩን አንኳኩተን ነው የገባነው። ስለ ፈቃዱ አስረዳናቸው፤ ምንም አልጠየቅናቸውም።

ጥቂት ካሰቡ በኋላ ከመደርደሪያቸው አንዲት ቀጭን ሪሳላ አወጡ። በወጣትነታቸው ስለ ተየሙም የጻፏት፣ እትሟ ካለቀ ብዙ ዓመት የሆናት ናት።

«ይህችን ውሰዱ። ለአላህ ብዬ ሰጥቻታለሁ። አትሙ፣ ልቀቁ፣ አንብቡት። ስሜን አታጥፉ፤ ስሕተት ካገኛችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታርሙት፣ ‹እኛ አረምነው› ብላችሁ ጻፉ። ሰፊና ግን የአማቴ እዳ እስኪያልቅ ትቆየኝ።»

ከመካከላችን ያ እውነቱን የተናገረው ወንድም፣ «ኡስታዝ፣ ያኔ ብንጠይቅዎት ምን ይሉን ነበር?» አላቸው።

ፈገግ አሉ። «ሰፊናን እንቢ እላችሁ ነበር። ይህችን ግን ያኔውኑ እሰጣችሁ ነበር።»

አያችሁ፣ ሳንጠይቅ በወሰድነው አንድ መጽሐፍ ምክንያት ሊሰጡን የነበረውንም አጥተን ነበር።

ዛሬ ከመልቀቃችን በፊት የምንጠይቀው

1ኛ. ጸሐፊው በሕይወት አለ ወይ? ካለ እንጠይቀዋለን። እንቢ ካለ ሐቁ ነው፤ እንቢታውን መፍራት ላለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም።

2ኛ. ካረፈ ስንት ዓመቱ ነው? 50 ዓመት ካልሞላ ሐቁ የወራሾቹ ነው፣ እነሱን እንጠይቃለን። ከሞላ የሕዝብ ሀብት ነው፣ እንለቀዋለን።

3ኛ. በሽፋኑ ውስጥ ሌላ እጅ አለ ወይ? ተርጓሚ፣ ሙሐቂቅ፣ መግቢያ ጸሐፊ? ዐረብኛው ነጻ ስለሆነ አማርኛውም ነጻ ነው አንልም።

4ኛ. የሁሉም በሆነ ነገር ላይ ስማችንን አናትምም። የማን ኪታብ እንደሆነ፣ ማን እንደጻፈው፣ ከማን ቤት እንደተገኘ፣ መቼ እንደተነሳ ለብቻው በአንድ ገጽ እንጽፋለን። ቤተሰቡ ስሙ እንዳይጠቀስ ከፈለገ እንተወዋለን።

5ኛ. ንጹሑን ፎቶ በፍጹም አናጠፋም። በሁለት ቦታ እናስቀምጣለን፤ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ክፍያ እንሰጣለን። ለነገ የሚቆየው በእኛ ስልክ ውስጥ የተቆለፈው ሳይሆን በብዙ ሰው እጅ ያለው ነው።

ያንን የእጅ ጽሑፍ ከተረፉት ቅጠሎች እንደገና አንሥተን ያለ ማኅተም ለቀነዋል። የመጨረሻውን ገጽ ግን ማኅተሙ ያለበትን ነው የለቀቅነው፤ ሌላ የለንም። ከሥሩም ያደረግነውን ጽፈናል። ምናልባት ከእናንተ መካከል በዚያው እጅ የተጻፈ ሌላ ኪታብ በቤቱ ያለው ይኖር ይሆናል። ካለ አሳውቁን፤ የጠፋው ስም ከዚያ ሊገኝ ይችላል።

ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ከማይቋረጡት አንዱ ግን ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ያ ሰው በደካማ መብራት፣ በሸምበቆ ብዕር፣ ራሱ ባዘጋጀው ቀለም ጽፎ ከእኛ የጠየቀው ክፍያ አንድ ዱዓ ብቻ ነበር። የሚጠራበትን ስም እኛ ሸፈንበት። አላህ ግን ስሙን ያውቀዋል።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አንድ ጊዜ እጃችሁን አንሡለትና ይዘንለት በሉ። ለእኛም ዐፍው ጠይቁልን። የኡስታዛችንንም እዳ አላህ ያቅልልላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።